የጸደቁ ችግኞች

ስርጉት ሰው መናቅ የጀመረችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ነው የሚሉ የቢቸና ሰዎች አሉ። እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን በዚህ አይስማሙም። «ኧረ እሷስ ጡት ስትጠባም ቀና እያለች በንቀት ታየኝ ነበር» ይላሉ።

አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው። ከሩቅም ከቅርብም የሚመጡ ተማሪዎች በግቢያቸው ጎጆ ቀልሰው ይማራሉ። ስርጉት ከጓዳ ሆና የእነሱን መንተባተብ እየሰማች አደገች። ተማሪው ቤት አልደፋ ሲለው፣ ምስጢሩ ሲጠፋበት፣ ከመምህሩ ቀድማ ከት ብላ የምትስቀው እሷ ነበረች። መሪጌታ በተማሪዎቹ ፊት ይቆጧታል፤ ዘወር ሲሉ ደግሞ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ይላሉ። ያን ፈገግታ እሷ ታየዋለች። እንዲህ ሆኖ፣ ሞኝ ሰውን በቃል መውጋት ኃጢአት ሳይሆን ሙያ መስሏት አደገች።

ሕግ ልታጠና ነበር ሐሳቧ። ምደባው ሲወጣ ግን «የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ» የሚል ደረሳት። ምርጫ ስትሞላ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብላ ከታች የወረወረችው ነበር። ዜናውን የሰማው አጎቷ ጓዴ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የስልክ ዕቃ የሚሸጠው፣ ደንበኛ ፊት ሳቀባት።

«ታዲያ ስትመረቂ ምን ልንልሽ ነው? ዶክተር አፈር?»

የመጀመሪያውን መንፈቅ በልቅሶ አሳለፈችው። ትምህርት ክፍሉ ሌላ ቦታ ያልተፈለገ ሁሉ የሚጣልበት ነበር። የሕክምና ውጤት ያልመጣለት፣ ኢንጂነሪንግ የሸሸው፣ ዓመቱን ሙሉ ዲፓርትመንት ቀይሩልኝ እያለ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት። መምህራቸው ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስላይድ የሚያነብ ሰው ነበር። ስላይዱ ላይ የፊደል ግድፈት ካለ ግድፈቱን ጭምር ያነበዋል። ስርጉት ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ ማጅራቱን በዓይኗ ትበሳው ነበር።

የመስክ ልምምድ ቀን ግን ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጀርባ ካለ ተዳፋት ላይ ወጥተው፣ ገመድ ወጥረው፣ ግንበኞች በሚይዙት የውሃ ልክ ከፍታው እኩል የሆነውን ቦታ እየፈለጉ ችካል እንዲተክሉ ታዘዙ። ልጆቹ ፎቶ ይነሳሉ። እሷ ብቻ ችካሉን እየተከለች ሄደች። ዞር ብላ ስታየው ችካሉ ቀጥ ያለ መስመር አልሠራም፤ የኮረብታውን ወገብ ተከትሎ፣ እዚህ ገባ እዚያ ወጣ እያለ ተጠማዟል። ዝናብ ቢመጣ ውሃው ሮጦ እዚህ ጋ ይደርስና ይቆማል፤ ይጠልቃል። አፈሩም ባለበት ይቀራል። መሬቱ የሆነ ነገር የተናገረ፣ እሷም የሰማችው መሰላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን ወደደችው። መውደዷ ግን ንቀቷን አላበረደላትም፤ አቅጣጫውን ብቻ ቀየረው። ቀድሞ ትምህርቱን የሚማሩትን ትንቅ ነበር፤ አሁን ደግሞ ትምህርቱን የሚንቁትን መናቅ ጀመረች። ሰዎቹ ያው ነበሩ።

ከሁሉም አብልጣ የምትንቀው እዮብን ነበር። ከሞጣ ወዲያ ከገጠር የመጣ፣ ሲናገር የሚጎተት፣ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ልጅ ነው። የመመረቂያ ጥናቱን በቡድን ሲሠሩ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወደቀ፤ የእዮብ ድርሻ ጽሑፉን አስጠርዞ ማምጣት ሆነ። አረንጓዴ ሽፋን መርጦ አመጣው። ጥናቱን ሲያቀርቡ አንድ ፈታኝ ደለል ምን እንደሆነ ጠየቀው። እዮብ ብዙ አሰበና፣ «አፈር መንገድ ደክሞት ሲቀመጥ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስርጉት አልሳቀችም። እንዲህ ካለው ሰው ጋር አንድ ዲግሪ መካፈሏን እያሰበች ጥርሷን ነከሰች።

ተመረቁ። ሥራ አልነበረም። ስርጉት ቢቸና ተመልሳ ከአጎቷ ሱቅ ገባች። የስልክ ሽፋን ትሸጣለች፤ የተሰነጠቀ መስታወት ታስቀይራለች። አጎቷ ለደንበኛ ሲያስተዋውቃት ከአፈር ጋር የተያያዘ ቀልድ ሳይጨምር አያልፍም። እሷም ትታገሠዋለች፤ የሚናገረውን ሰው ከሰው ስላልቆጠረችው አይከብዳትም ነበር።

አንድ የጥቅምት ጠዋት እዮብ ደወለላት።

«እቱ፣ ሞጣ ነይ» አለ በዚያው በሚጎተት ድምፁ። «አንድ ፕሮጀክት ላይ ነኝ። ሰው ይፈልጋሉ፤ ስምሽን ሰጥቻለሁ።»

እዮብ ተቀጥሯል! እሱ ባለሙያ ተብሎ፣ እሷ ስልክ ታለብሳለች! ስርጉት ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን አልፈው ሞጣ እስኪደርሱ ድረስ በመስኮት አንድም ነገር አላየችም፤ ለእዮብ የምትናገረውን እየመረጠች ነበር።

ሞተር ይዞ ጠበቃት። ጃኬቱ አዲስ ነው። ቀጥታ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ኮረብታ ወሰዳት። ቦታው ዝግባ አምባ ይባላል፤ ዝግባ ግን ለመድኃኒት እንኳ አይገኝበትም። ከሥሩ ጥቂት ቤቶች ተበትነዋል፤ በመካከላቸው ክረምት ክረምት የሚሰፋ ቦረቦር አፉን ከፍቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ስርጉት ኮረብታውን ቀና ብላ አየችና ከሞተሩ ሳትወርድ ቀረች።

እርከን ተቆፍሯል። ነገር ግን የኮረብታውን ወገብ መዞር ሲገባው፣ ከራሱ እስከ እግሩ ቁልቁል ተሰንጥቋል። በማበጠሪያ የተበጠረ ነው የሚመስለው።

«ይሄ እርከን ነው ወይስ አሸንዳ?» አለች።

«ከአስፋልቱ ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ያምራል ብለው ነው» አለ እዮብ።

«እነማን?»

«አቶ ታደለ። አስተባባሪው።»

«አንተስ? አንተ ምን አልክ?»

እዮብ የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ስርጉት ወርዳ ወደ ላይ ወጣች። በእርከኖቹ መካከል ለምለም የወይራ ችግኝ ተሰልፏል። ጎንበስ ብላ አንዱን ብትነካው ያለ ትግል እጇ ላይ ቀረ። ጫፉ በገጀራ ሾል ተደርጎ የተቆረጠ ነው።

«ሥር የለውም!»

«አውቃለሁ» አለ እዮብ። «ሐምሌ ላይ የተተከለው ሳይጸድቅ ቀረ። ነገ እንግዶች ይመጣሉ፤ ባዶውን እንዳያዩት ነው።»

«ከየት ቆረጣችሁት?»

«ወንዙ ዳር የቀረ ወይራ ነበረ።»

«ነበረ?»

«ነበረ» አለ፣ ዓይኑን ወደ ወንዙ ሳያዞር።

ስርጉት ቅርንጫፉን ጣለችው። ችግኝ ለማስመሰል ዛፍ የሚጨፈጭፍ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ! ብታወራው ሰው ቀልድ ይለዋል። በዚህ መካከል አቶ ታደለ በመኪና ደረሰ። ወፈር ያለ፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሲናገር ሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ነው። የስርጉትም ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«እዮብ ጎበዝ ተናጋሪ ነች ብሎኛል። ነገ ለእንግዶቹ ማብራሪያ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። አጭር፣ ፕሮፌሽናል፣ ደስ የሚል።»

«ምኑን ነው የማብራራው? እርከኑ ውሃውን ሰብስቦ እኮ እነዚያ ቤቶች ላይ ነው የሚለቀው። ችግኙ ደግሞ...»

«የኔ እህት» አለ አቶ ታደለ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። «ሳይንሱ ዩኒቨርሲቲ ቀርቷል። ነገ አሳምረሽ ከተናገርሽ ኮንትራቱ ያንቺ ነው። ካልሆነ የከሰዓት መኪና አለ።»

የከሰዓት መኪና ነበረ። ስርጉት መናኸሪያው ድረስ ሄዳ አይታዋለች። ቢቸናን፣ ሱቁን፣ አጎቷን አሰበች። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ብቻዋን ቆማ ፈገግ አለች። ተመልሳ ሆቴል ክፍል ያዘችና ቀኑ እስኪመሽ ወዲያና ወዲህ እያለች ቃል ስታገላብጥ ዋለች። በአባቷ ግቢ የሰማችው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቃት። የምትፈልገው ሲገጥምላት እጇን ታጨበጭባለች። እንዲህ የተደሰተችበት ቀን ከተመረቀች ወዲህ አልነበረም።

በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ። መኪኖቹ ተደርድረው ቆሙ። ትልቁ እንግዳ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጫማቸው አፈር እንዳይነካ እየመረጡ የሚረግጡ ሰው ናቸው። የቀበሌው ሰው ከሥር ተሰብስቦ ሣር ላይ ተቀምጧል። እዮብ ከኋላ፣ እንደ ክፍሉ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ስርጉት ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች።

«ክቡራን እንግዶቻችን» አለች። «በዚህ ኮረብታ ላይ የተተከለው ችግኝ አንድም ሳይቀር ጸድቋል። እንዲህ ያለ ጽድቅ በሌላ አገር ብትፈልጉ አታገኙም። የኛ ችግኞች ሳይውሉ ሳያድሩ ነው የጸደቁት።»

ጭብጨባ ሆነ። ችግኝ ሲይዝ ጸደቀ ይባላል፤ ሞቶ ገነት የገባም ጸደቀ ይባላል። ስርጉት ያሞገሰችው ሬሳዎችን ነበር።

«እርከኑንም እንደምታዩት ከላይ ወደ ታች ነው የወረደው። የላይኛው እርከን ለታችኛው አስተላልፏል፤ የታችኛውም ሳያጓድል ተቀብሏል። ከላይ የመጣውን የሚመልስ አንድም እርከን እዚህ አታዩም።»

የሥልጣን እርከን ያላቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ታደለ አውራ ጣቱን አነሳላት።

«እኔም በተማርኩት ልክ እመሰክራለሁ። ይህ ሥራ ውሃ የሚያነሳው አይደለም!»

የመጨረሻውን «ው» ዋጥ አድርጋ ነበር የተናገረችው። የሰማው ሁሉ ጎርፍ የማይደፍረው ሥራ ብሎ ሰማው። እሷ ግን ውሃ የሚያነሳ አይደለም፣ ፍሬ የለውም ማለቷ ነበር። ትልቁ እንግዳ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ተራቸው ደርሶ ሲናገሩም «እህታችን እንዳለችው፣ ውሃ የሚያነሳው አይደለም!» እያሉ ደጋገሙላት። ስርጉት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። እንደነዚህ ያሉ በጎች! ስድባቸውን ከእጇ እየተቀበሉ፣ እያመሰገኑ ይጎርሱታል። እዮብን ብታየው አሁንም አንገቱን እንደደፋ ነው። «ይኸኛውስ ተኝቷል» አለች በልቧ።

ድንኳን ውስጥ ምሳ ተበላ። ሥጋው እየተቆረጠ ሳለ አቶ ታደለ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ሰኞ ትፈርሚያለሽ» አላት። ስርጉት ንፋስ ልትቀበል ከድንኳኑ ወጣች። እዚያ አንዲት ሴት ጠበቋት።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከቦረቦሩ አፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በምላሳቸው ቀበሌው ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ደግ ሴት ናቸው የሚል ሰው አልተገኘም። ከተከለለው ኮረብታ ሣር እያጨዱ ሦስቴ ተከሰዋል፤ የጎረቤታቸውን ቦይ ወደ ራሳቸው ጓሮ መልሰዋልም ይባላል። አሁን ግን የስርጉትን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። በዚህ ክረምት ጎርፉ ግቢዬን ሰንጥቆ የዶሮዬን ቤት ወስዶብኛል። ቤቴን አፍርሼ ከወንድሜ ግቢ ከላይ ልሠራ እንጨት አስቆርጬ ነበር። ዛሬ ግን አንቺ ውሃ የሚያነሳው አይደለም ስትዪ ስሰማ ልቤ አረፈ። የአገራችን ልጅ ነሽ፤ የተማርሽ ነሽ። እንጨቱን ለአጥር አደርገዋለሁ።»

ሴትዮዋ የስርጉትን እጅ ሳም አድርገው ቁልቁል ወረዱ። ከኋላዋ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እዮብ ነበር።

«አትነግሪያቸውም?» አለ።

«ምኑን?»

«ሰሙን ሰምተዋል። ወርቁን ማን ይንገራቸው?»

ስርጉት ዞር ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ያየችው መሰላት።

«ገባህ እንዴ?»

«ጽድቁ ጥሩ ነው። እርከኑ ከሱም ይሻላል። የመጨረሻዋ ግን ትንሽ ጎትተሻታል» አለ እዮብ። «እኔ ቅኔ ቤት ነው ያደግኩት። ሳልጨርስ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝና?»

የደነገጠችው እሷ፣ የተናደደችውም እሷ። «አንተ ደግሞ ልትመክረኝ ነው? ይሄን ሁሉ ያስቆፈርከው አንተ አይደለህም? ወይራውን ያስቆረጥከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ» አለ እዮብ። «ፈሪ ነኝ። ፈሪ መሆኔን ደግሞ አውቃለሁ። አንቺ ግን የደፈርሽ መስሎሻል።»

ስርጉት ፊቷን አዙራ ቁልቁል ሮጠች። ወይዘሮ አመተ ሥላሴን ከቤታቸው ደጅ ደረሰችባቸው።

«እማማ፣ ቤትዎን ያንሱ። እርከኑ ኮንቱር አልጠበቀም። ራንኦፉ ተጠራቅሞ እዚህ ጋ ነው የሚያርፈው፤ ስሎፑ...»

«በአማርኛ ንገሪኝ!»

ስርጉት ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቦዩ ሁሉ የተቀደደው ወደርስዎ ቤት ነው። በሚመጣው ክረምት ውሃው ከዘንድሮው ብሶ ይመጣል። ችግኙም ቅርንጫፍ ነው፤ ሥር የለውም።»

«ታዲያ ቅድም ያን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ ያልሽው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ስድብ ነበር።»

«ማንን?»

«እነሱን።»

«እነሱማ አጨበጨቡ። ሥጋ እየበሉ ነው» አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ። «የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ከስድብሽ ሥር ልተኛ የነበርኩት እኔ ነኝ! ይሄን ነው የተማርሽው? ይሄን ነው ያስተማሩሽ?»

ስርጉት ሰው ሲንቃት አይታ አታውቅም ነበር ማለት ይቻላል። አጎቷ ቢስቅባት የእሱ ሳቅ እሷ ጋ አይደርስም። የሴትዮዋ ዓይን ግን ደረሰ። ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት፤ እሷ ስላይድ አንባቢውን መምህር ታየው በነበረበት ዓይን። ከዚያ እጇን ጨምድደው ያዙና ሽቅብ ወደ ድንኳኑ ጎተቷት።

እንግዶቹ መኪና እየገቡ ነበር። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የትልቁን እንግዳ በር ይዘው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ ያለችው ሁሉ ሐሰት ነው። ራሷ ነግራኛለች። ይጠይቋት!»

አቶ ታደለ ሳቅ አለ። «እማማ ጠላ ቀምሰው ነው፤ አይቀየሟቸው።»

ትልቁ እንግዳ ግን ወደ ስርጉት ዞሩ። «ምንድነው የሚሉት?»

አሁን ሁለት ፍቺ ያለው ቃል አልመጣላትም። ቢመጣላትም አትፈልገውም ነበር። «እውነታቸውን ነው» አለች። «እርከኑ በተዳፋቱ አግድም መሆን ነበረበት። አሁን እንዳለ ከተተወ እነዚያን ቤቶች ጎርፍ ይወስዳቸዋል። ችግኞቹ ትናንት ከዛፍ ተቆርጠው የተሰኩ ናቸው። ከፈለጉ አንዱን ነቅለው ይዩት።»

አቶ ታደለ ዞር ብሎ ተጣራ፤ «እዮብ! ባለሙያው አንተ ነህ። ንገራቸው!»

ሁሉም እዮብን አየ። ስርጉትም አየችው፤ ከዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱ የሆነ ነገር ተስፋ አድርጋ። እዮብ ጫማውን እያየ፣ «እርከኑ... በተሰጠው መመሪያ መሠረት ነው የተሠራው» አለ።

«በሉ ተነጋገሩበት» አሉ ትልቁ እንግዳ፣ ሰዓታቸውን አይተው። ከችግኞቹ አንዱ ከእግራቸው አጠገብ ነበር፤ ጎንበስ ብለው ለመንካት ግን አልሞከሩም። መስታወቱ ወደ ላይ ወጣ፤ መኪኖቹ አቧራቸውን አስነስተው ሄዱ። አቶ ታደለ ስርጉትን አልተቆጣትም፤ አልሰደባትም። የቆመ አጥር እንደሚያልፍ ሰው ነበር ያለፋት።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴም አላመሰገኗትም። «እንግዲህ እንጨቴን ማን ሊሸከምልኝ ነው?» አሏት።

ስርጉት ተሸከመች። ቢቸና ሳትመለስ ከወንድማቸው ቤት አድራ፣ በማግሥቱ ማለዳ ማገሩን፣ ወጋግራውን፣ የቆርቆሮውን ክምር ከሴትዮዋ የወንድም ልጆች ጋር ሽቅብ ታግዝ ጀመር። ትከሻዋ ተላጠ። ረፋዱ ላይ እዮብ በሞተሩ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና ማገሩን በሌላኛው ጫፍ አነሳላት። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ቀኑን ሙሉ ከመናገር አላረፉም። አንዷን ቅኔኛዋ፣ አንዱን ዲዳው እያሉ፣ ሁለቱንም ሲዘልፉ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ በአንድ ትሪ ሽሮ ሰጧቸውና እነሱ ሲበሉ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ።

ቢቸና ስትመለስ ለአባቷ ሁሉን አጫወተቻቸው። መሪጌታ አካለ ወልድ ቅኔውን አስደገሟት። «ሳይውሉ ሳያድሩ ጸደቁ! ውሃ የሚያነሳ... ው!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። ጢማቸው ውስጥ ያ የልጅነቷ ፈገግታ መጣ። ስርጉት ሴትዮዋ እንዴት እንደሆኑ እስኪጠይቋት ጠበቀች። ሌላ ቅኔ ጨምረው ነገሯት እንጂ አልጠየቋትም። ያን ዕለት ተነስታ ወጣች። የምታከብረው አንድ ሰው ነበራት፤ ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸውንም በሙሉ ዓይኗ ማየት አቃታት።

በሐምሌ እዮብ ደወለ። ሦስት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ ጥሎ ቦዮቹ አንድ ላይ ተገናኝተው ወርደዋል፤ የወይዘሮ አመተ ሥላሴ የቀድሞ ቤት ቦታ የለም። ቦረቦሩ በልቶታል። ጎረቤታቸው ላምና የዘር እህል አጥቷል። ሰው ግን አልተጎዳም። አቶ ታደለ ወደ ሌላ ፕሮጀክት በእድገት ተዛውሯል።

ስርጉት ስልኩን ይዛ፣ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። «አላልኩም?» የሚል፣ ጠንከር ያለ፣ ትኩስ ደስታ። ወዲያው ደግሞ የጎረቤትየው ላም ዓይኗ ላይ መጣችና ከደስታዋ ጋር ተፋጠጠች። አጎቷ ምን ሆንሽ ሲላት «ምንም» ብላ የደንበኛውን ስልክ ተቀበለችው።

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ራሳቸው አስደወሉላት። ሰላምታ አልሰጡም። የተረፈው መንደርተኛ ከአዲሱ ቤታቸው በላይ ያለውን ተዳፋት ሊቆፍር ተስማምቷል፤ በየት በኩል እንደሚቆፈር የሚያሳይ ሰው ጠፍቷል፤ አንቺ መምጣት ትችያለሽ ወይ? ሥጋም ድንኳንም የለም።

ስርጉት ሄደች። እዮብ አሞኛል ብሎ ከሥራ ቀርቶ፣ ገመድና የውሃ ልክ ይዞ ጠበቃት። እሷ በአንደኛው ጫፍ፣ እሱ በሌላኛው ሆነው ተዳፋቱን አግድም ይለኩ ጀመር። መንደርተኛው ችካል ይዞ ይከተላቸዋል። ጠዋቱ ብርድ ነበረው፤ መስመሩ የኮረብታውን ወገብ ተከትሎ ቀስ እያለ ይጠማዘዛል።

«አሁንም ትንቂኛለሽ?» አለ እዮብ ድንገት፣ ከማዶው ጫፍ ሆኖ።

ስርጉት አሰበችበት። «አዎ» አለች። «ያን ቀን በእንግዶቹ ፊት የተናገርከውን አልረሳሁትም።»

«ደግ አደረግሽ» አለ እዮብ። «ገመዱን ወጠር አድርጊው፤ ረግቧል።»

ወጠረችው።